«ገባ» እና «ወደቀ»

የምናዘዘው ስለ አንድ ቃል ነው። ጥር ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ለንደን ካለው ቤቴ ሆኜ በስልክ የተናገርኩት ቃል ነው።

ሥራዬ አስተርጓሚነት ነው። በፍርድ ቤት፣ በሆስፒታል፣ በፖሊስ ጣቢያ፣ እንግሊዝኛ ለማይችለው ያገሬ ሰው አፍም ጆሮም ሆኜ 20 ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኛል። የዚያን ቀን የተጠራሁት ልጃቸው ለሞተባቸው እናት ነበር። ልጁ 26 ዓመቱ ነው። ማታ ከሥራ ሲወጣ ታይቶ፣ በሦስተኛው ቀን ጀልባ ከሚሄድበት ቦይ ውስጥ አስከሬኑ ወጣ። እናቱ የሚኖሩት ከደብረ ብርሃን ወጣ ባለች ከተማ ነው። መርዶው ደርሷቸዋል፤ ልጃቸው ምን ሆኖ እንደሞተ ግን የነገራቸው የለም። ስማቸውንና ሊያስለያቸው የሚችለውን ዝርዝር ትቻለሁ፤ ይህን እንድጽፍ የፈቀዱልኝ እሳቸው ናቸው።

በመስመሩ ላይ ሦስት ነበርን፦ እናቲቱ፣ እኔና ከኮሮነሩ ቢሮ የምትደውል አንዲት ሴት። ኮሮነር በእንግሊዝ አገር ድንገተኛ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት ሲደርስ የሚያጣራ ዳኛ ነው። ሟቹ ማን ነው፣ መቼ ሞተ፣ የት ሞተ፣ እንዴት ሞተ የሚሉትን አራት ጥያቄዎች ይመልሳል እንጂ ጥፋተኛው እገሌ ነው ብሎ አይፈርድም። ሴትየዋ የአስከሬን ምርመራውን የመጀመሪያ ውጤት አነበበች። ሐኪሟ ያየችው ሰጥሞ በሞተ ሰው ላይ ከሚታየው ጋር ይስማማል። ሌላ ሰው ጉዳት እንዳደረሰበት የሚያሳይ ምልክት አልተገኘም። ወደ ውኃው እንዴት እንደደረሰ ገና እየተጣራ ነው። ይህን ሁሉ በትክክል አስተረጎምኩ።

እናቲቱ ግን የጨነቃቸው ሌላ ነበር። «ልጄ፣ ይሄ የሐኪም ነገር ለእኔ አይገባኝም» አሉኝ። «ሰው ገፍትሮብኝ ነው? እሱን ንገረኝ።» ጥያቄያቸውን አደረስኩ። ሴትየዋ በአጭሩ መለሰች፤ የሌላ ሰው እጅ እንዳለበት የሚያሳይ ነገር የለም፣ ልጁ ወደ ውኃው ሄዷል አለች። የተናገረችው እንግሊዝኛ ግስ ውኃው ውስጥ መድረሱን እንጂ አደራረሱን አይናገርም። ተንሸራቶ የወደቀውም፣ ዘሎ የገባውም፣ ተገፍትሮ የተጣለውም በዚያው ግስ ይነገርላቸዋል። አማርኛችን ግን ያስመርጣል። «ወደቀ» ካልን አደጋ ነው። «ገባ» ካልን፣ በተለይ «ራሱ» ከተጨመረበት፣ ፈቃድ ነው። ሁለቱንም ትቶ «ውኃ ውስጥ ተገኘ፤ እንዴት እንደሆነ አልታወቀም» ማለትም ይቻላል። ማለት የነበረብኝ እሱን ነው።

እኔ «አይ እማማ፣ ማንም አልነካውም። ራሱ ነው የገባው» አልኩ።

ዝም አሉ። ቆይተው «ራሱ?» አሉ። «አዎ እማማ፣ ራሱ» ብዬ ደገምኩላቸው። ሴትየዋ እናቲቱ ሌላ ጥያቄ እንዳላቸው ጠየቀችኝ፤ የላቸውም አልኳት። ጠይቄያቸው አልነበረም። ጥሪው 11 ደቂቃ ፈጀ። ማታ የሥራ ሰዓቴን ስመዘግብ 11 ደቂቃ ብዬ ጻፍኩ።

ያን ቃል ያለ ፍርሃት እንድናገር ያደረገኝ ልማድ ነበረኝ። ልማዱን ከየት እንዳመጣሁት ለመናገር ከሞተ ብዙ ዘመን ስለሆነው አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ማውራት አለብኝ። ጥፋቴን በእሱ ላይ ማላከኬ አይደለም፤ እሱ እኔን አያውቀኝም፤ የመረጥኩት እኔ ነኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰር በርናርድ ስፒልስበሪ በ1877 ሌሚንግተን ስፓ በምትባል ከተማ ተወለደ። ኦክስፎርድ ገብቶ ከተማረ በኋላ ለንደን፣ ፓዲንግተን በሚገኘው ሴንት ሜሪ ሆስፒታል ሕክምና አጠና፤ እዚያው የአስከሬን ምርመራን ሙያው አደረገ። በ1923 «ሰር» የሚለው ማዕረግ ተሰጠው። በዕድሜው ሙሉ የመረመረው አስከሬን ከ20,000 በላይ ነው። ሥራ ስጀምር የችሎት ቋንቋ ለመልመድ ከአሮጌ መጻሕፍት መሸጫ የድሮ ክሶችን ታሪክ እየገዛሁ አነብ ነበር፤ የተዋወቅሁት በዚያ ነው። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ አለባበሱ የጠራ፣ ከኮቱ ላይ አበባ የማይጠፋ ሰው ነበር። እኔን የማረከኝ ግን አነጋገሩ ነው። የሙያ ቃል አያበዛም፤ ዳቦ ጋጋሪውም ልብስ ሰፊውም፣ በዳኝነት የተቀመጠው ሁሉ በሚገባው ቋንቋ፣ በአጭሩ ይመሰክራል። ሌላው ሐኪም «ሊሆን ይችላል፤ በሌላ በኩል ግን» እያለ ሲያወጣና ሲያወርድ እሱ ነው ካለ ነው፣ አይደለም ካለ አይደለም።

አስተርጓሚም እንዲህ መሆን አለበት ብዬ አመንኩ። ለጀማሪዎች ሥልጠና ስሰጥ ስሙን እያነሳሁ «አታመንቱ፤ የሚያመነታ አስተርጓሚ አይታመንም» እላቸው ነበር። ኀዘን ለተቀመጠ ሰው «ሊሆን ይችላል» እያሉ መደርደር ጭካኔ ይመስለኝ ነበር። ቁርጡን መንገር ርኅራኄ መሰለኝ።

ስፒልስበሪ ስሙ የወጣው በ1910 በዶክተር ክሪፐን ክስ ነው። በሰሜን ለንደን፣ በሂልድሮፕ ክሬሰንት 39 ቁጥር ቤት ምድር ቤት ውስጥ የሰው ገላ ቅሬታ ተቀብሮ ተገኘ። ራስ የለውም፣ አጥንት የለውም። ከሳሾቹ የክሪፐን ሚስት ናት አሉ። ሚስትየዋ ሆዷን ተቀዳ እንደነበር ይታወቃል፤ ከተገኘው ቆዳ አንዱ ላይ ደግሞ አንድ መስመር ይታያል። ያኔ 33 ዓመቱ የነበረው ስፒልስበሪ የቀዶ ጥገና ጠባሳ ነው ብሎ መሰከረ። የተከሳሹ ሐኪሞች የቆዳ እጥፋት ነው አሉ። እሱ በማይክሮስኮፕ የሚታየውን ስስ ቅንጣት በመስታወት ላይ አዘጋጅቶ አምጥቶ ነበር፤ ዳኝነት የተቀመጡት ሰዎች እንዲያዩት ተደረገ። ክሪፐን በዚያው ዓመት ኅዳር 23 ቀን ተሰቀለ። ወደ 100 ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በኋላ በአሜሪካ የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዚያ ዘመን ተጠብቆ የቆየ አንድ መስታወት ላይ ያለውን ዲኤንኤ ከሚስትየዋ የእናት ወገን ዘመዶች ናቸው ከተባሉ ሰዎች ጋር አስተያዩት። አይገጥምም አሉ። የዘር ሐረጉ ቆጠራ ትክክል አይደለም ብለው የተቃወሟቸው አሉ፤ ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። ይህን ዜና በወጣበት ሰሞን አንብቤ ነበር። አንብቤ አለፍኩት።

ያለፍኩት ደግሞ ለጀግናዬ መከራከሪያ ስለነበረኝ ነው። በ1915 ጆርጅ ጆሴፍ ስሚዝ የሚባል ሰው የተከሰሰው ሦስት ሴቶችን በየተራ አግብቶ ሦስቱም በገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ስለሞቱ ነው። ቀድሞ ያዩት ሐኪሞች የሚጥል በሽታ ነው፣ ራሷን ስታ ነው እያሉ እንደ አደጋ አልፈውት ነበር። አስከሬኖቹ ወጡ፣ ስፒልስበሪ መረመራቸው፣ አዋቂ ሴት እንዲህ ባለች ገንዳ ውስጥ በሚጥል በሽታ ልትሰጥም እንደማትችል አስረዳ። ስሚዝ ተፈረደበት። እርግጠኝነቱ የሦስት ሴቶችን ደም መለሰ። ይህ እውነት ነው፤ ዛሬም አልክደውም። እርግጠኝነት ፍትሕ የሚያመጣበት ቀን አለ። እኔ ግን ምርመራውን ሳልሠራ አነጋገሩን ብቻ ወሰድኩ።

የልጁ አስከሬን የካቲት ውስጥ ወደ አገር ቤት ሄደ። የእናቲቱ የንስሐ አባት «ልጁ በምን ሞተ?» ብለው ጠየቁ። እናቲቱ ካህን የሚዋሹ ሰው አይደሉም። «ራሱ ነው የገባው ብለው ነገሩኝ» አሉ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ሆን ብሎ ሕይወቱን ላጠፋ ሰው ጸሎተ ፍትሐት አይደረግለትም። ለልጁም ሳይደረግለት ተቀበረ። አርባውም ሰማንያውም ሳይዘከር አለፈ። ኋላ እናቲቱ እንደነገሩኝ፣ ለቅሶ የመጣው ሰው ቡናውን ጠጥቶ ቶሎ ይነሳ ነበር። «ስሙን ስጠራ ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል» አሉኝ። ቀስ በቀስ መጥራቱን ተዉት።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ለንደን ሥራዬን እሠራ ነበር። እንቅልፍ አልነሳኝም።

መስከረም ላይ ችሎቱ ተሰየመ። አስተርጓሚ ሆኜ የተመደብኩት እኔው ነበርኩ። እናቲቱ ከአንድ ዘመዳቸው ቤት በቪዲዮ ገቡ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ስክሪኑን በጣም ተጠግተው ተቀምጠዋል። መጀመሪያ የመሰከረችው አስከሬኑን የመረመረችው ሐኪም ናት። መስጠም ከአስከሬን ላይ ብቻ በቀላሉ የሚነበብ እንዳልሆነ፣ ሌሎች ምክንያቶችን እያስወገዱና የተገኘበትን ሁኔታ እያገናዘቡ የሚደረስበት መሆኑን አስረዳች። ከዚያ ኮሮነሩ ልጁ ሆን ብሎ ነው ወይስ በአደጋ ብሎ ጠየቃት። «ይህን ገላው ሊነግረኝ አይችልም» አለች። አላቅማማችም፣ አላፈረችም። ካየኋቸው ምስክሮች ሁሉ የዚያን ቀኗን ሐኪም ያህል እርግጠኛ ሆኖ አላውቅም ያለ የለም።

ከዚያ ልጁ ላይ የተገኘው ዕቃ ተነበበ። ሁለት ቁልፍ። የአውቶቡስ ካርድ። አንድ ጓንት፣ የግራ እጅ። የቀኙ ጓንት አልተገኘም፤ ስልኩም አልተገኘም። የቦዩ ዳር መንገድ በዚያ ሌሊት በረዶ ይዞ እንደነበር ፖሊሱ ተናገረ። አብሮት የሚሠራ ልጅ ለፋሲካ አገር ቤት ለመሄድ ገንዘብ ያጠራቅም ነበር አለ። ሰው የቀኝ ጓንቱን የሚያወልቀው ስልክ ለመነካካት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ስልኩ ሲያመልጠው ሊይዝ ጎንበስ ሲል ታየኝ። ወዲያው ደግሞ ያን ሐሳብ ፈራሁት። ያም ቢሆን ከራሴ ያመጣሁት ነው። በጥር «ገባ» ያልኩት አፍ በመስከረም «ወደቀ» ለማለት ሲሽቀዳደም ያዝኩት።

ኮሮነሩ ውሳኔውን ሰጠ። በእንግሊዝ ኮሮነሮች አንድ ሰው ሕይወቱን ሆን ብሎ አጥፍቷል ለማለት ለረጅም ዘመን ልክ እንደ ወንጀል ክስ ከጥርጣሬ የጸዳ ማስረጃ ያስፈልጋቸው ነበር። በ2020 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሚዛኑን አቀለለው፤ አሁን መሆኑ ካለመሆኑ ካመዘነ ይበቃል። በዚህ በቀለለው ሚዛን እንኳ ማስረጃው አልደረሰም አለ ኮሮነሩ። አደጋ ነው ለማለትም አልደረሰም። መዝገቡን በክፍት ውሳኔ ዘጋው፦ ሰጥሞ ሞቷል፤ ወደ ውኃው እንዴት እንደደረሰ አልታወቀም። ዳኛ፣ ሐኪም፣ ፖሊስና ምስክር ተሰብስበው ግማሽ ቀን ያልደረሱበትን እኔ በ11 ደቂቃ ጨርሼው ነበር።

«ሕይወቱን ስለማጥፋቱ የሚበቃ ማስረጃ የለም» የሚለውን ለእናቲቱ ስተረጉም ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አነሱ። ዳኛውን አይደለም ያዩት፣ እኔን ነው።

«ልጄ፣ ያኔ በስልክ ራሱ ነው ብለኸኝ የለም ወይ?»

የአስተርጓሚ ሥነ ምግባር የማያሻማ ነው። በችሎት የተነገረውን ሁሉ፣ በራስህ ላይም ቢሆን፣ እንደተነገረው ታስተረጉማለህ። ችሎቱ ዝም ብሎ ይጠብቀኛል። እኔ በእንግሊዝኛ «ቤተሰቡ ሟቹ ሕይወቱን እንዳጠፋ ቀደም ሲል ተገልጾልን ነበር ይላል» አልኩ። «ተገልጾልን» የሚል ቃል ገላጭ የለውም። «ብለኸኝ» የሚለውን ወሰድኩና እኔን ከውስጡ አውጥቼ አስረከብኳቸው።

ኮሮነሩ ዞር ብሎ የቢሮውን ሴት አያት። በጥር የደወለችው ሴት ናት። ፊቷ ቀላ። እንዲህ ማለቷን እንደማታስታውስ፣ ብላ ከሆነ ግን ከልብ ይቅርታ እንደምትጠይቅ ተናገረች። ኮሮነሩም በቢሮው ስም እናቲቱን ይቅርታ ጠየቀ። ያንን ይቅርታ ወደ አማርኛ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። አንድም ቃል ሳላጓድል፣ በጥሩ አማርኛ ተረጎምኩት።

የመጀመሪያው ስህተት ነበር። ሁለተኛው ኃጢአት ነው። የመጀመሪያውን ስናገር ትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነበር፤ ሁለተኛውን ስናገር ምን እንደማደርግ አውቄአለሁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ሰው ማየት አስጠላኝ። ማታ ማታ እነዚያን አሮጌ መጻሕፍት እንደገና አወጣኋቸው። አሁን ዓይኔን የያዘው በፊት በጥድፊያ አልፌው የነበረ ክስ ነው። በታኅሣሥ 1924 በሰሴክስ፣ ክራውበሮ አጠገብ፣ ኖርማን ቶርን የሚባል ዶሮ አርቢ እጮኛው ኤልሲ ካሜሮን ከቤቱ ጣሪያ እንጨት ላይ ራሷን ሰቅላ አገኘኋት፣ ደንግጬ ገላዋን ቆራርጬ ቀበርኩ አለ። ስፒልስበሪ አንገቷን በዓይኑ አየ፤ የገመድ ምልክት የለም፣ ተደብድባ ነው የሞተችው አለ። የተከሳሹ ሐኪም ብሮንቴ አስከሬኗ እንደገና ሲወጣ አንገቷ ላይ ምልክት አይቻለሁ፣ ከቆዳው ቅንጣት ወስጄ በማይክሮስኮፕ መርምሬአለሁ ብሎ ተቃወመ። በክሪፐን ጊዜ ማይክሮስኮፑን ይዞ የቀረበው ስፒልስበሪ በዚህኛው ቅንጣቱን አላዘጋጀም፤ ዓይኔ በቅቶኛል አለ። ከሁለቱ የታመነው ግን ስሙ የገነነው ነው። ቶርን በሚያዝያ 1925 ተሰቀለ። ገዳይ ነበር ሊሆን ይችላል፤ ገላ ቆራርጦ የቀበረን ሰው ማመን ከባድ ነው። ሆኖም በ15 ዓመት ውስጥ የዚያ ሐኪም ስም በማስረጃው ቦታ ተተክቶ ነበር። የእኔም ድምፅ እንዲሁ ነው የሆነው። እናቲቱ ያመኑት የተነገረውን ነገር አልነበረም፤ ጸጥ ያለውን፣ የማያመነታውን ድምፄን ነው።

ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። በ1943 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ስለላ ጀርመኖችን ለማሳሳት በአይጥ መርዝ የሞተን አንድ ድሃ ሰው የመኮንን ልብስ አልብሶ፣ የሐሰት ደብዳቤ አስይዞ በስፔን የባሕር ዳርቻ፣ ሁኤልቫ አጠገብ ለቀቀው። አስቀድመው ምክር የጠየቁት ስፒልስበሪን ነው፤ የስፔን ሐኪሞች እውነቱን ይደርሱበት ይሆን? ከባሕር የወጣን ሰው ሰምጦ ነው ብሎ ከማሰብ የሚያልፍ ሐኪም ብዙ እንደማይገኝ ያውቅ ነበርና አትፍሩ አላቸው። እንዳለውም ሰምጦ ነው ተብሎ ተቀበረ። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘጋሁት። ዓይን የተነገረውን እንደሚያይ እሱ ራሱ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር። ቋንቋ የሙያዬ መሣሪያ ነው፤ «ገባ» እና «ወደቀ» አንድ እንዳልሆኑ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። በዚያ ማክሰኞ የጎደለኝ እውቀት አልነበረም፤ «አልገባኝም፣ ድገሚልኝ» የሚል ትሕትና ነው።

ስፒልስበሪ የትምህርት መጽሐፍም የሕይወት ታሪክም ሳይጽፍ ነው የሞተው። የተወው በእጁ የጻፋቸውን የምርመራ ካርዶች ነው። በሺዎች የሚቆጠሩት ዛሬ በለንደን፣ ዩስተን ጎዳና ላይ በሚገኘው በዌልከም ኮሌክሽን ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። አንድ ሐሙስ ሄድኩ። እዚያ ክፍል እስክሪብቶ አይገባም፣ እርሳስ ብቻ ነው። ካርዶቹ የሰው መዳፍ የሚሸፍናቸው ትንንሽ ወረቀቶች ናቸው። ስም፣ ዕድሜ፣ እንዴት እንደተገኘ፣ ገላው ላይ የታየው፣ የሞተበት ምክንያት። ጋዜጣ ያነገሣቸውን ታላላቅ ክሶች ፍለጋ ሄጄ ነበር፤ እጄ ላይ የወደቁት ግን ማንም የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው። በጋዝ የታፈነ፣ ከወንዝ የወጣ፣ ገና ያልጠና ሕፃን። ለእያንዳንዱ ሰው የተሰጠው አንድ ካርድ ነው። እነዚያን ሰዎች በየቤታቸው የሚያለቅስላቸው እንደነበር፣ የመጨረሻዋን መስመር የሚጠብቅ አንድ ሰው እንደነበር አሰብኩ። «የሞተበት ምክንያት» የምትለዋ መስመር አጭር ናት። አጭር በመሆኗ ምክንያት ብቻ የተቆረጠ ቃል ይጻፍባታል ማለት ግን አይደለም።

ከቤተ መዛግብቱ ወጥቼ ጥቂት ስራመድ ጋወር ጎዳና ደረስኩ። ስፒልስበሪ በታኅሣሥ 17 ቀን 1947 በዚያ ሰፈር፣ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ባለው ላቦራቶሪው ውስጥ የጋዙን ቧንቧ ከፍቶ ሕይወቱን አጠፋ። 70 ዓመቱ ነበር። ሐኪም የነበረው ልጁ ፒተር በ1940 በጀርመን ቦምብ ሴንት ቶማስ ሆስፒታል ውስጥ ሞቶበታል፤ በ1945 ደግሞ ሌላው ልጁ አለን በሳንባ ነቀርሳ። እሱም በስትሮክ ተመትቶ እጁ እንደ ድሮው አይታዘዝለትም ነበር። ሁለት ልጆች የሞቱበት አባት ሆኖ ምን እንዳሰበ የጻፈበት ካርድ የለም። ለረጅም ዓመታት አንደበቱን አድንቄለት፣ ለኀዘኑ ግን አንድ ቀን እንኳ አስቤለት እንደማላውቅ እዚያ ጎዳና ላይ ቆሜ ገባኝ። በእናቲቱም ላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

በማግስቱ ለኮሮነሩ ደብዳቤ ጻፍኩ። በጥር ምን እንደተባለና እኔ ምን እንዳልኩ፣ በመስከረም እናቲቱ ምን እንዳሉና እኔ ምን እንዳስቀረሁ፣ በሁለቱም ቋንቋ ቃል በቃል አሰፈርኩ። የቢሮዋ ሴት ምንም እንዳላጠፋች ለይቼ ጻፍኩ። እሷን ራሷን ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የድሮ ጥሪዎቿን በልቧ እየደጋገመች ምን ብዬ ይሆን ስትል እንደከረመች ነገረችኝ። የፍርድ ቤት ሥራዬ እስኪጣራ ድረስ ታገደ፤ ተገቢ ነው።

ከዚያ ለእናቲቱ ደወልኩ። በዚህኛው ጥሪ አስተርጓሚ አልነበረም።

«እማማ፣ ያኔ ራሱ ነው የገባው ብዬዎት ነበር።»

«አዎ ብለኸኛል።»

«እንዲያ ብሎ የነገረኝ የለም። ሴትየዋም አላለችም፣ ሐኪሟም አላለችም። ከራሴ ነው የተናገርኩት። ችሎት ላይ ሲጠይቁኝም ለዳኛው ደብቄያለሁ።»

ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከጀርባቸው ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል። «ታዲያ ወድቆ ነው?» አሉ ቀስ ብለው። ይህን ጥያቄ ስፈራው ነው የከረምኩት። አዎ ብላቸው ምን ያህል እንደሚያርፉ አውቃለሁ፤ ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሷል።

«አይታወቅም እማማ። ማንም አያውቅም።»

«አይታወቅም» ብለው ለራሳቸው ደገሙት። «እግዜር ያውቃል ማለት ነው።» ቃሉን ለመዱት መሰለኝ። ስምንት ወር ሙሉ በጉልበታቸው ላይ የተቀመጠ ድንጋይ የተነሳ አልመሰለኝም፤ ግን ተንቀሳቀሰ።

ለንስሐ አባታቸው የውሳኔውን ትርጉም ልኬላቸው ነበር፤ ፍትሐቱ እንዲደረግለት ተወስኗል አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ልቅሶ ያለበትን ድምፃቸውን ጠርገው እንዲህ አሉ፦ «እኔስ ይቅር ብዬሃለሁ። ልጄን ግን ራስህ ጠይቀው።»

እንዴት እንደምጠይቀው አላወቅሁም። ሁለት ቋንቋ የማውቅ ሰው ለሞተ ሰው የማቀርበው ቃል አጣሁ። ሲጨንቀኝ የክርስትና ስሙን ጠየቅኳቸው፤ እዚህ ለንደን ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ካህኑ በጸሎት እንዲያስቡት ለመስጠት ነው። በዚያ በ11 ደቂቃ ጥሪ ስሙን አንዴ እንኳ አለማንሳቴ ያኔ ታወሰኝ፤ «ልጅዎ»፣ «እሱ»፣ «ራሱ» ስል ነበር።

ስሙን ነገሩኝ። ቀስ ብለው፣ እንዳልሳሳት ሁለቴ ነገሩኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ከቤተ መዛግብቱ ያመጣሁት እርሳስ ነበር፤ በአንድ ባዶ ካርድ ላይ ስሙን ጻፍኩ። ከሥሩ፣ በዚያች አጭር መስመር ላይ፣ «አይታወቅም» ብዬ ጻፍኩ።